ያገባች ሴት ዥዋዥዌ አትወጣም

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለልጆቼ አልነገርኩም፤ የንስሐ አባቴም በየዓመቱ «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባቴ» እያልኩ አልፌዋለሁ። የደበቅሁት ኃጢአት ስለሆነ አይደለም። ኃጢአት ቢሆንማ ይቀል ነበር፤ ኃጢአት ቀኖና አለው፤ ሰው ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ ይገላገላል። የኔ ነገር ግን ኃጢአት አይሉት ጽድቅ፣ ብቻዬን ሳስበው የሚያስቀኝ፣ ላወራው ስል ፊቴን በርበሬ የሚያስመስለው ነገር ነው። እንዲህ ላለው ጉዳይ ቀኖና የሚሰጥ ካህን እስካሁን አላገኘሁም።

ደግሞም ዓይነ አፋር ነኝ። ሰው ቤት ሄጄ ምግብ ሲቀርብልኝ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ብዬ ተርቤ የምወጣ፣ ገበያ ላይ ከመከራከር የተባልኩትን ከፍዬ የምሄድ ሴት ነኝ። ከእናንተ መካከል እንደኔ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልሆናችሁ ደግሞ እግዜር ያቆያችሁ። ዛሬ ለምን አወራዋለሁ ካላችሁኝ፣ በነገሩ ውስጥ የነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ አርፈዋል፤ የቀሩትም እንደኔ አርጅተዋል። ያረጀ ሰው ቢታማም ሐሜቱ ሩቅ አይሄድም።

መቼም ሰው ሁሉ በልቡ ውስጥ አንድ የጨዋታ ቦታ አለው። ለአንዱ ወንዝ ነው፤ ለአንዱ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። የእኛ ቤተሰብ ቦታ የሞጣው ዋርካ ሜዳ ነበር። ቤታችንስ ቢቸና ነው፤ አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ፤ ዘመን ተለወጠ ብለው ተማሪዎቻቸውን ጥለው አይሄዱም። እናቴ ግን የሞጣ ልጅ ናት። በየዓመቱ ጳጉሜን ስትገባ፣ ክረምቱ ጭቃውን ገና ሳይጨርስ፣ እኛን ልጆቿን በበቅሎ ጭና፣ ግንደወይን አሳድራ፣ አያቶቼ ቤት ታደርሰን ነበር። አያቶቻችን ናፍቀዋት እንደነበር እርግጥ ነው። ይሁንና ከበቅሎ እንደ ወረድን የምትጠይቀው ስለ አያቶቼ ጤና አልነበረም። «ዥዋዥዌው ተሰቅሏል?» ነበር የምትለው።

እሷ ልጅ በነበረችበት ጊዜ ዥዋዥዌው የጠፍር ነበር አሉ። ጎረምሶች የበሬ ቆዳ ቀደው፣ በቅቤ አለስልሰው፣ ገምደው ዋርካው ላይ ይሰቅሉታል። ልጃገረዶች ደግሞ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንግጫ ይነቅላሉ። እንግጫ የመስክ ሣር ነው፤ እየዘፈኑ ነቅለው፣ ጎንጉነው፣ በዓመት በዓሉ ጠዋት ወላጆቻቸው ራስ ላይ ያደርጉታል። ከዚያ ጉንጉን አንዱን ወስደው ጠፍሩ ላይ ሲያስሩት ዥዋዥዌው ተመረቀ ማለት ነው። ጠፍር ዝናብ ሲመታው ይረዝማል። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የተሰቀለው ዥዋዥዌ ለመስቀል መሬት ይልሳል፤ ዘግይተው የመጡ ልጃገረዶች ሜዳውን በቀሚሳቸው ጠርገው ነበር የሚመለሱት።

ሕግም ነበረው። ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው ሕግ፦ ያገባች ሴት ዥዋዥዌ አትወጣም። ለምን? አንዷ አክስቴ «ማኅፀኗ ይዞርባታል» ትላለች። ሌላዋ አክስቴ «ባሏ ከበቅሎ ይወድቃል» ትላለች። ሁለቱ በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ በክልከላው ግን ይስማሙ ነበር።

እናቴ ጠፍሩ ላይ እንዳለች ነው ወንድሟ መጥቶ «ውረጂ፣ አባባ ይጠሩሻል» ያላት። ወረደች። ቤት ስትደርስ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠላ ይጠጣሉ። በጥር ተዳረች። ይህን ስትነግረን አታለቅስም፤ በአባቴም አታማርርም፤ አባቴ ደግ ሰው ናቸው። የምታማርረው በአንድ ነገር ብቻ ነው። «ወደ ፊት ሄጄ ነበር እኮ!» ትለናለች፤ «ወደ ኋላ ሳልመለስ ነው ይዞ ያቆመኝ።»

እኔ ስደርስ ጠፍሩ በቃጫ ገመድ ተተክቷል። ከገመዱ ሥር ጣሊያን ጥሎት የሄደው የካሚዮን ጎማ ተንጠልጥሏል። ጎማው ሦስት ልጅ ይችላል፤ ሦስቱንም እኩል ያስታውካል። ትንሽ ቆይቶ ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ አንድ መምህር ከቆርቆሮ ሸርተቴ ሠሩ። ያን ዓመት በሞጣ ከኋላው ያልተጣፈ ሱሪ ማግኘት ጭንቅ ነበር፤ መምህሩንም ከሁሉ አብልጦ የመረቃቸው ልብስ ሰፊው ነው። እናቴ ጋቢያችንን ታቅፋ ከዋርካው ሥር ትቀመጣለች። ጎማው ሲሄድ አንገቷ አብሮ ይሄዳል፤ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል። እኛ ስንደክም እሷም ደክሟት እንገባለን።

ተምሬ ጨርሼ፣ መምህርት ሆኜ ሞጣ ስመደብ ደግሞ ሜዳው ሠልጥኖ ጠበቀኝ። ዋርካው በአንድ ክረምት ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ስለወደቀ ተቆርጧል። በቦታው ባለ ሰንሰለት የብረት ዥዋዥዌ ቆሟል። ዙሪያው በሽቦ ታጥሯል፣ አግዳሚ ወንበር ገብቷል፣ ጽጌረዳ ተተክሏል፣ ፊሽካ ያለው ዘበኛ ተቀጥሯል። ስሙም ከ«ዋርካ ሜዳ» ወደ «መናፈሻ» ከፍ ብሏል። እሑድ እሑድ ቤተሰብ ሁሉ የክቱን ለብሶ ይመጣና አግዳሚው ላይ ይደረደራል፤ አባት ከረባቱን፣ እናት ነጠላዋን፣ ልጆች ካልሲያቸውን እየጠበቁ። እንግጫ ማሰሩም ቀረ፤ ሣሩ ብረቱን ያዝገዋል ተባለ። ድሮ ይሻል ነበር ልላችሁ አይደለም። የጠፍር ዘመን ሰዎችን ብታዩ፣ ክንዱ ሳይሰበር ያደገ ብዙ አታገኙም። ብቻ ሰው መናፈስ ሲጀምር ሳቁ ትንሽ ቀነሰ።

ሜዳውን ያሠለጠኑት የከተማው ሹም ግራዝማች ያየህ ነበሩ። ቅን ሰው ናቸው፤ ሥርዓት ይወዳሉ። የመናፈሻ ኮሚቴ አቋቁመው «አንድ የተማረች ሴት ትኑርበት» አሉና እኔን አስገቡኝ። የኮሚቴ ሥራዬ ዝም ማለት ነበር፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ግራዝማች ይናገራሉ፣ ሐኪም ቤት የሚሠራው ድሬሰር «ትክክል ነው» ይላል፣ እኔ እግሬን አያለሁ፣ ስብሰባው ያልቃል። ደንብ ሲወጣም እግሬን እያየሁ ወጣ። በቀይ ቀለም ሠሌዳ ላይ ተጽፎ በሩ አጠገብ ቆመ፦ «ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎችና ባለትዳር ሴቶች ዥዋዥዌ መውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» የአክስቶቼ ሕግ ነው፤ ቀለም ተቀባ እንጂ ሌላ የተጨመረበት የለም። በገበያ ቀን ደግሞ መናፈሻው ዝግ እንዲሆን ተወሰነ፤ ባላገሩ ከነአህያው እንዳይገባ።

እናቴ በጥቅምት ልትጠይቀኝ መጣች። በቅሎ ቀርቶ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጣ ነው የመጣችው፤ ይህንንም ለሰላም ላላት ሰው ሁሉ ነገረች። ቅዳሜ ማለዳ ተነሥታ «ገበያ እንውጣ» ብላ ዘንቢሏን አንጠለጠለች። ወጣን። ወደ ገበያው የሚታጠፈው ጋ ስንደርስ ግን አልታጠፈችም።

«እማ፣ ገበያው በዚህ ነው።»

«ገበያማ ቢቸናም አለ» አለችና ቀጥ ብላ ሄደች።

የት እንደምትሄድ ያን ጊዜ ገባኝ። ከኋላዋ እየተከተልኩ «ዛሬ እኮ ዝግ ነው» አልኳት።

«ከፍተሽ ታስገቢኛለሻ።»

«ደግሞ አይፈቀድም። ባለትዳር ሴት አትወጣም የሚል ደንብ አለ።»

ቆም አለች። «ማን ያወጣው ደንብ?»

«ኮሚቴው።»

«አንቺ አለሽበት ያልሽኝ ኮሚቴ?»

እግሬን አየሁ።

«ወይ የኔ ልጅ!» አለች እናቴ ደረቷን ይዛ። «ወንድሜ በቃል ያወረደኝ አንሶ፣ አንቺ በጽሑፍ ታወርጂኝ?»

መናፈሻው በር ደረስን። ዘበኛው ጋሽ ቢምረው በወታደር ኮታቸው ውስጥ ሆነው ቆመዋል። ቤት ሙሉ ልጅ ያላቸው፣ ከዚህ ሥራ በቀር ሌላ የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ የምፈራው እሳቸው እንዳይከለክሉኝ፤ እሳቸው የሚፈሩት ለምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

«መምህርት፣ ዛሬ እኮ ዝግ ነው» አሉ፤ ከኋላቸው ከጽጌረዳው ጀርባ ሳቅ ተሰማ። የልጅ ሳቅ አልነበረም። የወፈረ፣ የጠገበ፣ የሴት ወይዘሮ ሳቅ ነው። ጋሽ ቢምረው ሳሉ። ሳቁ ደገመ። ሳላቸውም ደገመ።

እናቴ ገፋ አድርጋቸው ገባች። ተከትዬ ገባሁ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። የሞጣ ወይዛዝርት ዘንቢላቸውን፣ ሰፌዳቸውን፣ የዶሮ እግር የታሰረበትን ገመድ ይዘው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ከቤታቸው ገበያ ብለው የወጡ ናቸው። ዥዋዥዌው ላይ ደግሞ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ጫማቸው ወልቆ፣ ወደ ሰማይ የሚሄዱት እትዬ ውዴ ነበሩ፤ የግራዝማች ያየህ ባለቤት! ነጠላቸውን የሰቀሉት ባላቸው ያጻፉት ሠሌዳ ላይ ነው።

ጋሽ ቢምረው ከኋላዬ መጡ። «እንግዲህ አዩን መምህርት። ቢያስቀጡኝም አጥፍቻለሁ። መጀመሪያ የገዛ ሚስቴ ናት የለመነችኝ። እሷን አስገብቼ ሌላዋን ብከለክል ደግሞ አድልዎ ይሆናል።»

እትዬ ውዴ ዥዋዥዌውን በእግራቸው አቁመው ወረዱ። ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ እንደ ሹም ሚስት ቆሙ። «መምህርት፣ ምን እግር ጣለሽ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ መለሰች። «እኔ ነኝ ያመጣኋት። የማን ተራ ነው?»

ወይዛዝርቱ በሳቅ ፈነዱ። ከመካከላቸው አንዷ «እሜቴ፣ ከየት ነው የመጡት?» አለች።

«ከቢቸና።»

«ቢቸናዎች ደግሞ ቅኔ ትዘርፋላችሁ እንጂ ዥዋዥዌ የት ታውቃላችሁ!»

«አንቺ ልጅ!» አለች እናቴ። «እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ። አንቺ ሳትወለጂ እዚህ ጠፍር ላይ ሆኜ የጊዮርጊስን ጉልላት ከላይ አይ ነበር። ተነሡልኝ!»

ተነሡላት። ተራ የያዙት ሁሉ ቅድሚያውን ሰጧት። ተቀመጠች፤ ሰንሰለቱን ጨበጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ከኋላ በጣቴ ጫፍ ነካ አደረግኋት።

«ሊጥ ነው እንዴ የምትነኪው? ውጪና ቆመሽ ንጂ!»

«እማ፣ እኔ አልችልም።»

«መምህርት ትንዳ! መምህርት ትንዳ!» ብለው ወይዛዝርቱ ማጨብጨብ ጀመሩ። አንዷ ጫማዬን ከእግሬ አወለቀች። አንዷ ቦርሳዬን ወሰደች። ዓይነ አፋር ሰው አንድ ችግር አለበት፦ እምቢ ማለትም ያሳፍረዋል። ወጣሁ። በእናቴ ግራና ቀኝ እግሬን አቁሜ፣ ጉልበቴን አጠፍ ዘርጋ፣ አጠፍ ዘርጋ አደረግሁ።

እናንተዬ! ከአጥሩ በላይ ወጣን። ገበያው በሙሉ ታየኝ፤ ነጭ በነጭ የሆነው ሕዝብ፣ ጥላው፣ የጤፉ ክምር፣ የታሰሩት በቅሎዎች። ተመለስን። ደግሞ ወጣን። እናቴ ከእግሬ ሥር የልጃገረድ ዘፈን ታቀነቅናለች፤ ወይዛዝርቱ ይቀበላሉ። እኔ ጮኽኩ። በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም ነበር፤ ድምፄ እንደዚያ ትልቅ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። «ጨምሪ!» ትላለች እናቴ። ጨመርኩ። «ጨምሪ!» ጨመርኩ። ከሁሉ ከፍ ወዳለው ደርሰን ወደ ኋላ ስንመለስ፣ ከላይ «ቀጭ» የሚል ነገር ሰማሁ።

ሰንሰለቱ በአንድ ወገን ተበጠሰ። እናቴ በመቀመጫዋ፣ እኔ በሆዴ ሣሩ ላይ አረፍን።

ዶሮዎቹ እንኳ ዝም አሉ። ዘወር ብዬ ባይ እናቴ ነጠላዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ፀጉሯ ሣር በሣር ሆኖ ቁጭ ብላለች። ግራ ቀኟን አየች። ወገቧን ዳበሰች።

«በቃ» አለች። «ተመለስኩ።»

ከዚያ ሳቀች። እኔ እናቴ ስትስቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ስትስቅ ግን አላየሁም።

ሳቁ የቆመው ጋሽ ቢምረው የተበጠሰውን የሰንሰለት ቀለበት ከሣሩ ላይ ሲያነሡ ነው። በመዳፋቸው ይዘው አገላበጡት። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ግራዝማች ይመጣሉ» አሉ። በየእሑዱ ኮሚቴው እዚያው መናፈሻ ውስጥ ይሰበሰብ ነበር። አንዷ መቀነቷን ፈትታ ሰንሰለቱን ልታስርበት ሞከረች፤ መቀነት ብረት አይሆንም። እትዬ ውዴ እያንዳንዳችንን አስማሉን፤ «በጊዮርጊስ፣ እዚህ የሆነው እዚሁ ይቅር!» ሁላችንም ማልን።

«እሺ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው ጋሽ ቢምረውን።

«ንፋስ ነው እላለሁ።»

«በጥቅምት ምን ንፋስ አለ?»

«ለድሃ ሰው ንፋስ አይጠፋም፣ መምህርት» አሉኝ።

ማታ እናቴ ራት ሳትበላ እንደ ሕፃን ተኛች። እኔ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የሽማግሌው እንጀራ በእኔ ጉልበት ተበጥሷል። እውነቱን ባወጣ የወይዛዝርቱ መሐላ ይፈርሳል፤ የመሪጌታ ሚስት በሞጣ ዥዋዥዌ ሰበረች ተብሎ ቢቸና ድረስ ይወራል። ዝም ብል ደግሞ ጋሽ ቢምረው ከነልጆቻቸው ሜዳ ይወድቃሉ። ዝም ማለት በጎ ጠባይ ነው ብለው ያሳደጉኝ ሰዎች፣ ዝምታ ሰው እንደሚያባርር አልነገሩኝም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ከቅዳሴ ወጥተን መናፈሻው ተሰበሰብን። ግራዝማች ከዘራቸውን ተደግፈው የተንጠለጠለውን ሰንሰለት ያያሉ። «ምን ዓይነት ቀን ነው!» አሉ። «ቤት ብውል ሚስቴ ‹ወገቤን› እያለች ተኝታለች፤ እዚህ ብመጣ ሰንሰለት ተበጥሷል። ይህ በሬ የሚያስር ሰንሰለት ነው። ልጅ አይበጥሰውም። አንተ ቢምረው፣ የት ነበርክ?»

ጋሽ ቢምረው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «ንፋስ ነው ጌታዬ።»

ድሬሰሩ ሳቀ። ግራዝማች አልሳቁም። «ተኝቶ ነው እንጂ! የጎረምሳ መንጋ ገብቶ ሲጨፍርበት ተኝቶ ነው። ቁልፉን አስረክብ፤ ሌላ ዘበኛ እንፈልጋለን።»

«ትክክል ነው» አለ ድሬሰሩ።

ጋሽ ቢምረው አላዩኝም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ቁልፉን አወጡ። ሁሉን ያውቃሉ፤ አንድ ቃል ቢናገሩ ይድናሉ፤ አልተናገሩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ግራዝማች ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ዞር አሉ። በኮሚቴው ውስጥ ድምፄን ሰምተው አያውቁማ። «ምን አልሽ ልጄ?»

«የበጠስኩት እኔ ነኝ። ትናንት ገብቼ፣ ላዩ ላይ ቆሜ ስነዳ ተበጠሰ። ጋሽ ቢምረው ጥፋት የለባቸውም።»

ፊቴ ጆሮዬ ድረስ ነደደ። ግራዝማች እኔን አዩኝ። ጫማዬን አዩ፤ ነጠላዬን አዩ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የወረደውን ቀሚሴን አዩ። ከዚያም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወደ ድሬሰሩ ዞረው «አየህልኝ?» አሉት። «እዩ ጨዋ ልጅ! የድሃ እንጀራ እንዳይቆረጥ ብላ ራሷን በሐሰት ስትከስስ! እሷ ዥዋዥዌ ስትወጣ! ቀና ብላ ሰው ማየት የማትችል ልጅ! ፊቷን እየው፣ ሐሰቱ እንዴት እንዳቃጠላት!»

«ትክክል ነው» አለ ድሬሰሩ።

ስለ ትምህርትና ስለ በጎ ሥነ ምግባር ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ፤ በአስተዳደጌም መሪጌታ አባቴን አመሰገኑ። እኔ በዕድሜዬ በአደባባይ ከተናገርኩት እውነት ትልቁን ተናግሬ፣ ደግ ሐሰተኛ ተብዬ ተመረቅሁ። በመጨረሻም «ለዚች ልጅ ስል ምሬሃለሁ፣ ቢምረው» አሉ። ጋሽ ቢምረው ቁልፉን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ መሬት እስኪነኩ እጅ ነሡ። ለማን እንደነሡ እሳቸውና እኔ እናውቃለን።

«እንግዲህ ያንኑ ሰንሰለት እናስቀጥለው» አሉ ግራዝማች ስብሰባውን ሊዘጉ።

«አይቀጠል» አልኩ። አንድ ጊዜ የተከፈተ አፍ ለካ ቶሎ አይዘጋም። «ወፈር ያለ ይገዛ። መቀመጫውም ሰፋ ይበል።»

«ለሕፃናት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» አሉ ተገርመው።

«ልጆች ያድጋሉ፣ ጌታዬ» አልኩ፤ ይህንንም ድሬሰሩ «ትክክል ነው» እስኪል ድረስ እግሬን ሳላይ ጠበቅሁ።